ለገንዘብ ሣጥን ዋስ አለ፤ ለሕፃንስ?

ከመሐል ሜዳ፥ ከራቤልና ከዓለም ከተማ ነጋዴዎች መካከል ገንዘብ ተቀባይ ያለ ዋስ የሚቀጥር ይገኛል ብዬ አላምንም። ተያዡ ቀርቦ ካልፈረመ የሣጥኑ ቁልፍ አይሰጥም፤ ይህም ደግ ልማድ ነው። ነገር ግን ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ በጉንና ባናውን ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ በሚሄድበት ጊዜ፥ ሕፃናቱንና የታመመች እናቱን ደላላ ትናንት ላመጣው ሰው ትቶ ይሄዳል።

ዋስ የጎደለውን ብር ይተካ ይሆናል፤ በሕፃን ላይ የደረሰውን ጉዳት ግን በምን ይተካዋል? በዚህ ረገድ የሚያስፈልገን ካሣ ከፋይ ሳይሆን፥ እውነቱን አስቀድሞ የሚነግረን ሰው ነው።

የፌዴራል ፖሊስ በጣት አሻራ መርምሮ የሚሰጠው ማስረጃ ጠቃሚ መሆኑ አይካድም። ሆኖም የሚያሳየው በመዝገብ የገባውን ብቻ ነው፤ በሽማግሌ ዕርቅ የተዳፈነ በደል (ይህም በአገራችን ጥቂት አይደለም) ከዚያ አይገኝም። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፥ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ጠባይን ግን አላነሣም። የቤት ሠራተኞችም ጉዳይ ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲወሰን የተተወ ነው።

እንግዲህ የቀድሞውን አሠሪ ፈልጎ መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው። ዳሩ ግን ችግሩም ከእኛው ነው። አስቸጋሪ ሠራተኛን ያለ ጠብ ለመሸኘት ሲባል «ጠባዩ መልካም ነው» ተብሎ ይጻፋል፤ በጸሐፊነት ሥራዬ የሚደርሱኝ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። በቅሎ እንኳ ጠባይዋ ሳይጠየቅ አትገዛም! ማኅተም የሚያሳርፍ ሁሉ ሠራተኛው ስለምን እንደ ተሰናበተ በሁለት መስመር ይጻፍ፤ መጻፍ ካልወደደም በስልክ ሲጠየቅ የሰማውን ሳይሆን ያየውን ይናገር። ስለዚህ ጉዳይ ቅጥሩ ሁለት ቀን ቢዘገይ ሱቅ አይዘጋም።