ጅብ ከሄደ በኋላ መጮኽ ይብቃን
ለመተማና ለምዕራብ ጎንደር የሰሊጥና የዕጣን ነጋዴዎች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በመተማ ዮሐንስ፣ በገንዳ ውኃ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ሰሊጥና ዕጣን ለምታቀርቡ፣ ወደ ውጭ ለምትልኩና ዩኒየኖችን ለምትመሩ ሁሉ፤

የምጽፍላችሁ ወቀሳ ነውና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስማችን በኢንተርኔት ገበያ ተሰረቀ የሚለውን ስሞታችሁን እሰማለሁ። አንዱ የማናውቀው አገር ተቀምጦ፣ የእኛን ማሳ ፎቶ ለጥፎ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፍሬ «የኢትዮጵያ ነጭ ሰሊጥ» ብሎ ይሸጣል። እናንተም ትናደዳላችሁ፣ ለገበያው ባለቤት ደብዳቤ ትጽፋላችሁ፣ መልስ ይጠፋል፣ ነገሩ በዚያው ይረሳል። ስሞታው እውነት ነው። ግን ያ ስም በየትኛው መዝገብ፣ በማን ስም ሰፍሮ ይገኛል?

አሊባባም አማዞንም የቅሬታ መቀበያ አላቸው። ቅጹን የሞላ ሰው እንደሚያውቀው፣ የሚጠየቀው ምርቱ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ አይደለም። የሚጠየቀው የንግድ ምልክቱ የምዝገባ ቁጥርና የተመዘገበበት አገር ነው። ቁጥር የሌለው ሰው የቱንም ያህል ቢበደል እንደ ባለቤት አይቆጠርም። አዲስ አበባ የተመዘገበ ምልክትም ቢሆን ጥበቃው አገር ውስጥ ነው፤ ቻይና ወይም አሜሪካ ላይ የሚሠራ የምዝገባ ቁጥር የሚኖረው እዚያው ያስመዘገበ ነው። ቻይና ደግሞ፣ ትልቋ የሰሊጥ ገዢያችን፣ በመሠረቱ መብቱን የምትሰጠው ቀድሞ ላመለከተ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን አሠራር እንምጣ። ሳሉጉ (ወቅታዊው የጉልበት ሠራተኛ) ያጨደው ሰሊጥ ሂላ ሆኖ፣ ማለትም ነዶው ተደጋግፎ፣ ቆሞ ይደርቃል፤ ይራገፋል፤ ጆንያ ውስጥ ይገባል። እስከዚህ ድረስ የማን ማሳ እንደሆነ ባለቤቱም፣ ሳሉጉም፣ ደላላውም ያውቁታል። መጋዘን ገብቶ ናሙና ከተወሰደበት በኋላ ግን በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚያልፈው ሰሊጥ የሁመራና የጎንደር ነጭ ሰሊጥ ተብሎ በአንድ ውል ይጠቃለላል። ምርት ገበያውን አልወቅስም፤ ሚዛንና ደረጃ ማስከበሩ ገበሬውን ጠቅሟል። የምወቅሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ላኪው ያበጥረዋል፣ የገዢው ማርካ በታተመበት ጆንያ ይሞላዋል፣ ጂቡቲ ያደርሰዋል። የመተማ ስም የቀረው እኛው ወሬ ውስጥ ነው።

የአምናን ክምችት ከዘንድሮው የሚያደባልቅ፣ የሌላ አካባቢ ሰሊጥ ጨምሮ በጎንደር ዋጋ ሊሸጥ የሚሞክር ነጋዴም አለ፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንዲህ ያለ ሰው ስሜን ጠብቁልኝ ሲል ምኑ ይጠበቅለት?

ስም ዋጋ የለውም የሚል ካለ ወደ ፊላደልፊያ ይመልከት። እዚያ ያለው ሱም የተባለ የጣሂና (የተፈጨ ሰሊጥ) አምራች «ነጭ ሁመራ» ሰሊጥ ከኢትዮጵያ እንደሚጠቀም ለደንበኞቹ በኩራት ይናገራል። የጎረቤታችን የሁመራ ቆላ ስም በአሜሪካ መደርደሪያ ላይ ሽያጭ ይጎትታል ማለት ነው።

መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል ቡናችን አሳይቶናል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን አሜሪካ ለማስመዝገብ ሲያመለክት፣ የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበትን ስም ቀድሞ አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበርም ተቃወመ። የአሜሪካው መዝጋቢ መሥሪያ ቤት በመጀመሪያ ሐረርንና ሲዳሞን አልቀበልም አለ፤ ምክንያቱም ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል የሚል ነበር። ነጋዴው ሁሉ ለዓመታት እንደፈለገ ሲጠራቸው ስለኖረ፣ ባለቤቱ ዝም ባለበት ጊዜ የተለመደው አጠራር ራሱ ማስረጃ ሆኖ ቀረበበት። ከስታርባክስ ጋር ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ጠበቆች ደክመዋል፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ኦክስፋምም ዘመቻ አካሂዷል። ለሰሊጥ እንዲህ የሚጮኽለት ማን አለ? «ጎንደር» የሰሊጥ ዓይነት መጠሪያ ሆኖ በየድረ ገጹ በተለጠፈ ቁጥር የእኛም ማመልከቻ እየከበደ ይሄዳል።

ዕጣኑ ደግሞ ብሶበታል። ከመተማ ጫካ የሚለቀመው ዕጣን በንግዱ «የትግራይ ዓይነት» በሚባለው ምድብ ውስጥ ነው የሚገባው። ዛፉ አንድ ነው፤ ትግራይም ኤርትራም ሱዳንም ይበቅላል፤ ስለዚህ ከማንም ጋር የምንጣላበት ጉዳይ የለም። ሴቶች መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው ፍሬ በፍሬ በመጠንና በቀለም ይለዩታል። ይህን ያህል እጅ የገባበት ዕቃ በጥሬው ተጭኖ ይሄድና፣ ዘይቱ ውጭ አገር ተጣርቶ በትንሽ ጠርሙስ ሲሸጥ፣ በመለያው ላይ ለቦታችን ፍንጭ የሚሆነው ቢገኝ የዛፉ የላቲን ስም ነው።

ሕጉ አለ። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 የጋራ ምልክትን ያውቃል፤ የማኅበር አባላት በአንድ ምልክት ሥር መሸጥ ይችላሉ። ምዝገባው ለሰባት ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። የቦታ ስም ብቻውን ክርክር ስለሚያስነሳ ከራሳችሁ ስምና ዓርማ ጋር አያይዛችሁ አቅርቡት። ከምዝገባው በፊት ግን ደንብ ይቅደም፦ በዚህ ምልክት የሚሸጠው ሰሊጥ ከየትኛው ቀበሌ እንደሆነ፣ ንጽሕናው ምን ያህል እንደሆነ፣ ያደባለቀ አባል ምን እንደሚደርስበት ይጻፍ። ከዚያ አዲስ አበባ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን፣ ቀጥሎም ገዢዎቻችሁ ባሉበት አገር አስመዝግቡ። ወጪው ለአንድ ላኪ ይከብዳል፤ ለዩኒየን ግን አይከብድም።

ፎቶ ደግሞ ዛሬውኑ የሚሠራ ጉዳይ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ያለ ምዝገባ ጥበቃ ይሰጣል፤ ፎቶው ግን የስብስብ አካል ሊሆን፣ በመጽሐፍ ሊታተም ወይም የባለቤቱን ስምና አድራሻ ሊይዝ ይገባል። ማሳችሁን፣ ሂላችሁን፣ ማበጠሪያችሁን ራሳችሁ አንሡ፤ ዋናውን ፋይል ከነቀኑ አስቀምጡ፤ ካሜራ የያዘው ሌላ ሰው ከሆነ መብቱን በጽሑፍ ያስተላልፍላችሁ። ፎቶው ተሰርቆ ሲለጠፍ የንግድ ምልክት ቁጥር ሳያስፈልጋችሁ ልታመለክቱ ትችላላችሁ። አሁን ግን አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁ ከኢንተርኔት ያወረዳችሁትን የሌላ ሰው ሥዕል ነው የምትለጥፉት።

ከአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣኑም የምጠይቀው አለ። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ፣ በመከር ወቅት ባለሙያ ወደ መተማና ወደ ገንዳ ውኃ ይላክ፤ ነጋዴው ቅጹን እዚያው ይሙላ።

የዘንድሮው ሰሊጥ ከመታጨዱ በፊት የየዩኒየኑ ጠቅላላ ጉባኤ ይህን አጀንዳ ይዞ ይሰብሰብ፤ በገዢ ማርካ በታተመ ጆንያ መላክ እስከ መቼ እንደሚቀጥልም በቃለ ጉባኤ ይወሰን።

ከአክብሮት ጋር