ራሱን የማያውቅ አለቃ

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን መንዝ ውስጥ ያካሄደውን ጥናት መሠረት አድርጎ በ1965 (እ.ኤ.አ.) «ሰምና ወርቅ» የተሰኘውን መጽሐፉን ሲያሳትም፣ አማራው አሳቡን ሸፍኖ መናገር እንደሚያውቅበት አሳየ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚያ ይጀምራል፦ ሸፋኙ ራሱ ወርቁን፣ ማለትም የሸፈነውን እውነተኛ አሳብ፣ ቢረሳውስ? ቅሬታውን ሲደብቅ የኖረ ሰው ቂሙን «መርሕ»፣ ፍርሃቱን «ጥንቃቄ» ማለት ይለምዳል፤ አለቃ ሲሆን በስብሰባ የተቃወመውን ሠራተኛ ከወር በኋላ በዝውውር ይቀጣና የሥራ ጉዳይ ነው ብሎ ከልቡ ያምናል። የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ዩንግም ሰው በራሱ ያልተቀበለውን በሌላው ላይ ያያል ይላል።

«ራስን እንዲህ መመርመር የፈረንጅ ትምህርት ነው፤ ገበናን መሸፈን ጨዋነት ነው» የሚል ይኖራል። ከባዕድ መሸፈኑስ ደግ ነው፤ ነገር ግን ከመንዝ እስከ መርሐቤቴ ምእመኑ ለነፍስ አባቱ ራሱን መርምሮ ይናዘዛል። እናንተም ስታነቡ፣ በቅርቡ የተቆጣችሁትን ቁጣ መርምሩ።