የስምንተኛ ክፍል ልጅ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ይድረሰው





ስለ ልጆቻችን ትምህርት በተነጋገርን ቁጥር ወሬያችን ሁሉ ስለ ፈተና ብቻ ሆኗል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ያልደነገጠ ወላጅ የለም። መድኃኒቱንም ሁሉ እንደየአቅሙ ተናግሯል፤ መምህር ይሠልጥን፣ የመማሪያ መጽሐፍ ይታተም፣ ኩረጃ ይቁም ተብሏል። ሁሉም ደግ ነው። ነገር ግን ማንበብን ያልወደደ ልጅ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያነብ እንዴት ይኖራል? ብሎ የጠየቀ ብዙ ሰው አላየሁም።

እኔ የወግዲ ተወላጅ ነኝ። ወግዲ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ዳርቻ የመካነ ሰላም ጎረቤት ሆና፣ ዓባይን ተሻግራ ጎጃምን የምትመለከት አገር ናት። በዚያ አካባቢ ስምንተኛ ክፍል ለብዙ ልጅ የትምህርት መጨረሻ ነው። አንዱ ወደ እርሻው ይመለሳል፤ አንዷ ትዳራለች፤ ሌላው ደግሞ ወደ ዐረብ አገር ይሰደዳል። በክልሉ በጦርነትና በግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መክረማቸውም በችግሩ ላይ ሌላ ችግር ጨምሯል። እንግዲህ አንድ ልጅ ስምንት ዓመት ተምሮ፣ አንድም መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ሳያነብ ከትምህርት ቤት ቢወጣ፣ የተማረው ፊደል ለምን ይሆነዋል? የመኪና ታርጋና የስልክ መልእክት ለማንበብ ብቻ ይቀርለታል ማለት ነው።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ፊደል እንዳስቆጠረና በዓለም መድረክ እንደ ተሸለመ ይታወቃል። ሆኖም ከተማሩት መካከል ብዙዎቹ የሚያነቡት ነገር በማጣታቸው የቆጠሩትን ፊደል መልሰው ረሱት። ፊደል እንደ ማረሻ ነው፤ ካላረሱበት ይዝጋል።

ወደ ዛሬው ነገር ልመለስ። ለዕረፍት ወደ አገሬ በሄድሁ ጊዜ ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል ልጆች ጋር ተጫውቼ ነበር። የአማርኛ ትምህርት ምን ይመስላል? ብዬ ብጠይቃቸው «ምንባብ አለ፤ ከሱ በኋላ ጥያቄ አለ» አሉኝ። መልሳቸው አጭር ቢሆንም የነገሩን ሥር ነክቶታል። ልጁ ከአንድ ታሪክ ገጽ ተኩል ያነባል፤ ታሪኩ ሊጥም ሲል ይቋረጥና «ከሚከተሉት ቃላት ተመሳሳያቸውን ፈልጉ» ይባላል። ጀግናው ከወንዙ ተሻገረ ወይስ ሰጠመ? ይህን የሚነግረው የለም። ወጡን አሽትተው እንጀራውን የነሡት ሰው የማእድ ፍቅር ከየት ይመጣለታል?

የወሎ ልጅ ለሥነ ጽሑፍ እንግዳ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። በምድጃ ዙሪያ ተረትና እንቆቅልሽ ሰምቶ ያደገ፣ በአንዱ ቤት መንዙማ፣ በሌላው ቤት ቅኔ ሲወርድ ያደመጠ ልጅ ነው። የቃሉ ጣዕም በጆሮው አለ፤ የጎደለው ያ ጣዕም በመጽሐፍም ውስጥ እንደሚገኝ የሚያሳየው ሰው ነው።

ለዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ዲማ ጊዮርጊስ ትልቅ ቦታ አለው። ዲማ ያለው በምሥራቅ ጎጃም፣ ከወግዲ አንጻር ከዓባይ ማዶ ነው። የወግዲ ልጅ ጠዋት ማታ የሚያየው የማዶ ተራራ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል አገር መሆኑን ሳያውቅ ያድጋል። አንድ መምህር በጣቱ ወደዚያ እያመለከተ መጽሐፉን ከፍቶ ቢያነብለት፣ ያ ልጅ ዓባይን እንደ ትናንቱ አያየውም።

«መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ አይችለውም» የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ብቻውን ላይችለው ይችላል። ነገር ግን ይህንኑ መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶ እንዳዳመጠ የምናውቅ እናውቃለን። ጮክ ብሎ ሲነበብ መጽሐፍ ይቀላል። ስልክ ልጆቻችንን አበላሸ እያልን የምናማርርም፣ የዚያው ትረካ ቅጂ ዛሬ በዚሁ ስልክ እንደሚገኝ ልብ እንበል።

ሌሎች ደግሞ «ልብ ወለድ ውሸት ነው፤ ልጅ ያባልጋል፤ ከሒሳብና ከሳይንስ ጊዜ ይሻማል» ይላሉ። እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው። ተረትም ውሸት ነው፤ ሆኖም አያቶቻችን በተረት ክፉና ደጉን ለይተውልናል። ለልጅ የማይስማማ መጽሐፍ አለ፤ እሱን መለየት የመምህርና የወላጅ ፋንታ ነው። ጊዜ ይሻማል ለሚለውም፣ የሒሳቡ ጥያቄ ራሱ በቃላት የተጻፈ ስለ ሆነ፣ ዐረፍተ ነገሩን አንብቦ ያልተረዳ ልጅ ስሌቱን ከየት ይጀምረዋል?

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለንባብ ብቻ ይሰጥ። መምህሩ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ተማሪዎች ያዳምጡ፤ ደወሉ ሲደወል «የቀረው ለሚቀጥለው ሳምንት» ይባል። ጥያቄ አይጠየቅበት፤ ነጥብ አይያዝበት። ለመጀመሪያው የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» እና የታደሰ ሊበን አጫጭር ታሪኮች ይበቃሉ፤ ቀጥሎ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» ሊነበብ ይችላል።

ሁለተኛ፤ መጽሐፍ ከቁም ሣጥን ይውጣ። እንዳይጠፋ ተብሎ በቁልፍ የተዘጋበት መጽሐፍ ከጠፋው በምን ይሻላል? ሃያ መጻሕፍት በአንድ ሣጥን አድርጎ በየወሩ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ማዘዋወር ይቻላል። መኪና የማይገባበት አገር ነው ለሚል፣ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ1990ዎቹ መጨረሻ በሐዋሳ አህያ የሚስበው የልጆች ቤተ መጻሕፍት ማሠራታቸውን አስታውሳለሁ። አህያ በወግዲም ሞልቷል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ካምፓስ መካነ ሰላም ላይ ስለሚገኝ፣ ተማሪዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአካባቢው ልጆች ቢያነቡ ወጪ የሌለው በጎ ሥራ ይሆናል።

ሦስተኛው የኛ የመንግሥት ሠራተኞች ፋንታ ነው። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለአዲስ አበባ ልጆች ትልቅ ጸጋ ነው፤ የወግዲ ልጅ ግን ወደዚያ አይደርስም። ከገጠር ወጥተን በከተማ ወንበር የያዝን ሁሉ ለበዓል ወደ አገራችን ስንሄድ ስኳርና ቡና እንይዛለን፤ በዚያ ላይ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ እንጨምር። የመጽሐፍ ዋጋ መወደዱን አውቃለሁ፤ ስለዚህ አዲስ ካልተቻለ በየመንገዱ ዳር የሚሸጠው አሮጌው ይበቃል። ሰጥተን ብቻ አንመለስ፤ ከልጆቹ ጋር ተቀምጠን የመጀመሪያውን ምዕራፍ እናንብብላቸው። ሁለተኛውን ምዕራፍ ራሳቸው ይፈልጉታል።

ልጅቱ ነገ ጅዳም ትሂድ፣ ደሴም ትግባ፣ እዚያው ወግዲም ትቅር፣ አንድ መጽሐፍ ጨርሳ የዘጋች ልጅ ሁለተኛውን እንዴት እንደምትከፍት ታውቃለች። የሚመለከታቸው የትምህርት ባለሥልጣኖችና የተከበሩ አንባቢዎች እንዲያስቡበት ይህን በማክበር አቀርባለሁ።

አንድ የወግዲ ተወላጅ
(ከአዲስ አበባ)