«ለጌታ ተዪው» ከማለታችን በፊት



በዚህ ክረምት አንዲት እኅት ከእሁድ አምልኮ በኋላ ልታነጋግረን መጣች። አሰላ ውስጥ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ ናት። በክረምት እርጥብ እንጨት ሲጨስ ዓይኗን ስላስቸገራት፣ እቁብ እንደ ደረሳት በቴሌግራም ያየችውን የኤሌክትሪክ ምጣድ አዘዘች። ገንዘቡን በቴሌብር ላከች፤ ምጣዱም ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል በመኪና ተጭኖ ደረሰላት።

ጌታን አመስግና ሊጡን አፈሰሰች። እንጀራው ግን በአንድ ወገን ዓይን ሲያወጣ በሌላው ወገን ጥሬ ሊጥ ሆኖ ቀረ። ሦስት ቀን ሞከረች፤ ያው ነው። ለሻጩ ስትነግረው «የእናንተ አገር መብራት ደካማ ስለሆነ ነው» አላትና ከዚያ ወዲያ መልስ መስጠት አቆመ።

ጥያቄዋ አጭር ነበር። «ፓስተር፣ ገንዘቤን ልጠይቅ ወይስ ለጌታ ልተወው?»

እኛም ሳናስብ መለስንላት። «እኅታችን፣ ተዪው፤ ጌታ ይክስሻል።» እሺ ብላ ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዘወር ብላ፣ «እቁቡን ገና አምስት ወር እከፍላለሁ» አለችና ወጣች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለን። የቤተ ክርስቲያናችን ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶ ቢመጣ ኖሮ በዚያው ቀን ስልክ እንደምንመታ እናውቃለን። ለራሳችን የማናደርገውን ለእርሷ መንፈሳዊ ምክር አድርገን ሰጠናት። ከኪሳችን ምንም ያልወጣበት ምክር ነበርና ቀለለን።

ወገኖች፣ በመካከላችን «ለጌታ ትቼዋለሁ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ይቅርታ አይደለም። አንዳንዴ ፍርሃት ነው፤ አንዳንዴ «ሰው ምን ይለኛል» ነው፤ አንዳንዴም መድከም ነው። አፍ ትቼዋለሁ ይላል፤ ልብ ግን ያንን ሰው ባሰበ ቁጥር ይቃጠላል። ይቅር ማለት የሚቻለው የተወሰደብን ነገር ምን እንደ ሆነ አውቀን፣ መጠየቅ እየቻልን፣ በፈቃዳችን ስንለቀው ነው። መጠየቅ ያልተፈቀደለት ሰው ምኑን ይቅር ይላል?

ብዙዎቻችን የምንጠቅሰው ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 የተናገረውን ነው፤ ከመካሰስ ይልቅ መበደልን ለምን አትመርጡም ብሎ ይጠይቃል። ነገር ግን በዚያ የሚናገረው እርስ በርሳቸው በማያምኑ ዳኞች ፊት ስለሚጓተቱ አማኞች ነው፤ በሚቀጥለው ቁጥርም የሚያታልሉትን ይወቅሳል። ያው ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ በታሰረ ጊዜ በስውር ልቀቁኝ ብሎ አልወጣም፤ ሹማምንቱ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠየቀ (ሐዋ. 16)። ጌታችንም በማቴዎስ 18 ወንድምህ ቢበድልህ ዝም በል አላለም፤ ሂድና ለብቻችሁ ሆናችሁ ንገረው አለ። መናገር የፍቅር ሥራ ነው፤ ያልተነገረው ሰው በምን ንስሐ ይገባል?

እኛ የምንኖርበት የአርሲ ደጋም ይህን ያውቃል። እናቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ሲወጡ የተበደለች ሴት ድምፅ እንደ ነውር አይቆጠርም። ሽማግሌም ሲቀመጥ አስቀድሞ በደሉን ይሰማል፤ «ተዉት» የሚለው ቃል ቢመጣ እንኳ ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ግን ሳንሰማ «ተዪው» አልን።

ሰኞ ጠዋት ወደ ቤቷ ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት፤ ከዚያም አብረን ተቀመጥን።

በእህል ገበያ ገዢው እጁን ወደ ከረጢቱ ሥር ሰድዶ እፍኝ ስንዴ አውጥቶ ያያል። በከብት ገበያም የበሬው ጥርስ ይታያል። በስልክ በሚገዛ ዕቃ ግን እጅ የሚሰደድበት ከረጢት የለም፤ ያለው የሻጩ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ገበያ የሻጩ ቃል ራሱ ሚዛን ነው። እግዚአብሔር ደግሞ በሐሰተኛ ሚዛን ደስ እንደማይለው መጽሐፈ ምሳሌ ደጋግሞ ይነግረናል።

የአገራችንም ሕግ ገዢውን አልተወውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሆኖ ያገኘ ሰው በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ በስልክ የተለዋወጥነው መልእክት በሕግ ፊት ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል። ስለዚህ እኅታችን የቴሌግራሙን ንግግርና የቴሌብሩን የክፍያ መልእክት አለማጥፋቷ ጠቀማት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ገዢው የተረከበውን ዕቃ ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ብዙዎቻችን «ነገ» ስንል ቀኑ ያልፋል።

መልእክቱን ከመጻፋችን በፊት ግን አንድ ነገር ቀረ። የአክንባሎው እጀታ ተሰብሯል። የሰበረው ልጇ ነው። አብሮን የነበረ አንድ ወንድም ለእርሷ አዝኖ፣ «እሱንም በመንገድ ነው የተሰበረው ብለሽ ጨምሪበት፤ ማን ያውቃል?» አላት። እኛም ቶሎ አልገሠጽነውም፤ በልባችን «ሻጩስ ዋሽቶ የለም ወይ?» ብለን ነበር። እርሷ ግን፣ «ውሸት ጨምሬ እውነቴን አላበላሽም» አለች። አፈርን። ምሳሌ 20 ስለ ገዢ የሚናገረውን አስታወስን፤ ሲገዛ ዕቃውን እያጣጣለ፣ ከሄደ በኋላ ግን በትርፉ የሚመካውን ሰው። ሚዛን ሁለት ሳህን አለው፤ አንዱ በሻጩ እጅ ነው፤ ሌላው በእኛ።

እንዲህ ብላ ጻፈች፦ ምጣዱን የተቀበለችበትን ቀን፤ ግማሹ እንደማይሞቅ፤ የጎረቤቷ ምጣድ በዚያው መብራት በደንብ እንደሚጋግር፤ እጀታው የተሰበረው በእርሷ ቤት ስለሆነ ዋጋው እንዲቀነስ። ቪዲዮም ላከች። ስድብ የለበትም፤ «እግዚአብሔር ይፍረድብህ» የሚልም የለበትም። አብረን ጸለይን፤ ለሻጩም ጸለይን።

ሁለት ቀን ዝም አለ። ባይመልስ ኖሮ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት አብረናት ልንሄድ ቆርጠን ነበር፤ ያም ኃጢአት አይደለም፤ ሮሜ 13 ሥልጣንን ለበጎ የተሾመ የእግዚአብሔር አገልጋይ ይለዋልና። በሦስተኛው ቀን ራሱ ደወለ። ምጣዱን ከሠራተኞች ተቀብሎ ሳይሞክር እንደሚሸጥ ነገራት። «የሚሰድበኝ ብዙ ነው፤ የራሱን ጥፋት የነገረኝ ግን አንቺ ነሽ» አላት። ምጣዱ በመኪና ተመለሰለት፤ የእጀታውን ዋጋ ቀንሶ ገንዘቡን ላከ።

የመኪናው ኪራይ፣ የመጣበትም የተመለሰበትም፣ በእርሷ ላይ ቀረ። እሱንም ጠይቂ አልናት። ስንት እንደሆነ ቆጥራ አየችና፣ «ይህን ለጌታ ትቼዋለሁ» አለች። ወገኖች፣ ይቅርታው ያን ጊዜ መጣ። ቃሉ በፊት እኛ ከሰጠናት ጋር አንድ ነው፤ በዚህኛው ውስጥ ግን ፍርሃት አልነበረም።

በመካከላችን የምትነግዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ በስልክም በሱቅም የምትሸጡ፣ አንድ ቃል እንለምናችሁ። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል ማንም ሳይከሰው የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። መዳን ወደ ቤቱ ሲገባ ወደ ገንዘብ ሳጥኑም ደረሰ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ከመለጠፋችሁ በፊት ያንን ቤት አስቡ።

ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችንም፣ አማኝ ሲበደል ዝም ማለት አለበት ብላችሁ ከሆነ የራቃችሁ፣ ያንን ከእኛ ሰምታችሁት ይሆናል። ከጌታ ግን አልሰማችሁትም።

እኛ አገልጋዮችም እንማር። በሚቀጥለው ጊዜ ሰው በራችንን ሲያንኳኳ «ለጌታ ተወው» ከማለታችን በፊት ተቀምጠን እንስማ፤ እቁቡ ስንት ወር እንደቀረው እንጠይቅ። እኅታችን ይህን በምንጽፍበት ጊዜ ገና በእንጨት እየጋገረች ነው። ሁለተኛውን ምጣድ በዓይኗ አይታ፣ በሊጥ ሞክራ ለመግዛት እያጠራቀመች ነው።

ጌታ እውነትን በፍቅር መናገርን ያስተምረን። ተባረኩ።