ዳጉ ይቀድመናል

እኩዮቼ፣ በዚህ ሸለቆ ጋዋን ለብሰን የሸበትን ነርሶች፣ ዛሬ ወጣቶቹን ነርሶች ተዉአቸው። የምናገረው ለእኛ ነው። ከአዋሽ ሰባት እስከ ሰመራ ክፍል ኃላፊ፣ ሜትሮን፣ አሠልጣኝ ሆነን የተቀመጥነው እኛ ነን፤ በዚሁ ከቀጠልን ሰዉ በራችንን ትቶ እንደሚሄድ ስላየሁ አስጠነቅቃችኋለሁ።

አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ግመሉን አቁሞ፣ እጅ ተሳስሞ፣ ቁጭ ብሎ ዳጉ ይለዋወጣል። ከየት መጣህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ? ዝናቡ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ ገበያው እንዴት ዋለ? አንዱ ሲናገር ሌላው ልብ ብሎ ይሰማል፤ ያልገባውን ደግሞ ይጠይቃል። ሐሰት ያቀበለ ሰው በጎሳው ፊት ይዋረዳል። በበረሃ የታመነ ወሬ ውሃና ሣር ያለበትን ይነግራልና ነፍስ ያድናል።

እንዲህ ባለ ወግ ያደገች ሴት እኛ ዘንድ ስትመጣ ምን እንደሚገጥማት አስቡት። “ምንሽን ነው?” እንላታለን፤ መልሱን ሳትጨርስ ጓንቱን አጥልቀናል። በፈረንጆች 1984 ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሐኪምና የታካሚ ንግግር በቴፕ ቀድተው ሲመረምሩ፣ ታካሚው ችግሩን መናገር በጀመረ በአማካይ በ18 ሰከንድ ሐኪሙ ያቋርጠው ነበር። 18 ሰከንድ ለአፋር ሰላምታ እንኳ አይበቃም።

ጥፋቱን ከሌላ ሰው አልጀምርም። ወጣት ሳለሁ፣ የነበርኩበትን ቤት አልጠራም፣ ምጥ የያዛት አንዲት አፋር በሌሊት መጣች። ሦስት ወላድ ይዤ ብቻዬን ነበርኩ። መብራት ጠፍቷል፤ ሙቀቱ ሌሊትም አልበረደም። አማርኛ አትሰማም። ጮኸች፤ እኔም ጮኽኩባት። እጄን ወደ በሩ ዘርግቼ “እዚህ ጩኸት የለም!” አልኳት። አማቷ ደፉ ላይ ቆማ ሁሉን ስታይ ነበር። አንዲት ቃል ሳትናገር ምራቷን ደግፋ ይዛት ወጣች። ከሌላኛዋ ወላድ ቀና ስል ግቢው ውስጥ አልነበሩም።

ከዓመታት በኋላ፣ በሌላ ወረዳ ክትባት ይዘን ስንዞር፣ አንድ ሽማግሌ የት እንደምሠራ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና የዚያን ሌሊት ነገር ያወሩልኝ ጀመር፤ የእጄን አዘረጋግ ሳይቀር። ያደረግሁት እኔ መሆኔን አላወቁም። “ከእኛ መንደር ሴት ወደዚያ ቤት አትሄድም” አሉኝ። ምጥ ይዟት የወጣችው ምን እንደሆነች ልጠይቃቸው ፈለግሁ፤ አንደበቴ ተሳሰረ።

“አፋር ቤቱ የሚወልደው ባህሉ ይዞት ነው” ስትሉ እሰማለሁ። ባህሉም፣ ርቀቱም፣ የመኪና እጦቱም እውነት ነው። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአፋር ከ100 ሕፃናት በጤና ተቋም የተወለዱት 15 ያህል ነበሩ። በ2011 ወደ 28 ከፍ አለ፤ የአገሪቱ አማካይ ግን 48 ገደማ ነበር። በደቦይታ ጎጇቸው ከቀሩት እናቶች መካከል የእኔን ጩኸት በዳጉ የሰሙ እንዳሉ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ።

ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2008 በጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት ነበር። ስልጠናውን ወሰድን፤ ሰጠንም። አበል ፈርመን፣ ሰርተፍኬቱን ፋይል ውስጥ ከትተን ተመለስን። ስልጠናው ከንቱ ነው አልልም። አንዷ ታካሚ፣ ሌላዋ ነርስ ሆነው ሲለማመዱ፣ አልጋ ላይ ተጋድማ ከላይ የተጮኸባት ልጅ ዓይኗ እንባ ሲያቀር አይቻለሁ። ርኅራኄ ይለመዳል። በስም መጥራት፣ ቁጭ ብሎ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ማውራት፣ “ፈርተሻል አይደል?” ብሎ ፍርሃቱን ማውጣት፣ ክኒኑን ሰጥቶ “እንዴት እንደሚወስዱት እስኪ መልሰው ይንገሩኝ” ማለት፣ መርፌ መውጋትን እንደተማርን ሁሉ በልምምድ የሚመጣ ነው።

ታዲያ ያቺው ልጅ ሰኞ ከታካሚዋ አጠገብ ቁጭ ስትል “ሥራ ፈታሽ እንዴ?” የሚላት ማን ነው? እኛ ነን። ስልጠናውን በአንድ ቃል እናፈርስባታለን። ቀስ በቀስ ቆማ መጠየቅ፣ ከዚያም መቆጣት ትለምዳለች። ነገ ክፍል ኃላፊ ስትሆን የምታወርሰው የእኛን አፍ ነው።

ድካማችሁን አውቃለሁ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ዱብቲ ሆስፒታል በቁስለኛና በተፈናቃይ ሲሞላ ያየን ሰዎች ነን። በታኅሣሥ 2017 በአዋሽ ፈንታሌ ምድር ስትንቀጠቀጥ ሰዉ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል፤ የእኛም ልጆች ደጅ አድረዋል። ወደ እኛ የሚመጣው ሰው ግን አስቀድሞ የደነገጠ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹ የአፋር እናቶች በልጅነታቸው ተገርዘው የተሰፉ ናቸው። ያንን ጠባሳ የሚመለከት ጥያቄ በማን አፍ ነው የምናስጠይቃት? አስተርጓሚ ባደረግነው ጥበቃ። ምናልባትም የጎሳዋ ልጅ በሆነ ወንድ። “ደህና ነኝ” ትላለች፤ እኛም ካርዱ ላይ ደህና ናት ብለን እንጽፋለን። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 አፋርኛ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆን ከወሰነ ዓመታት አልፈዋል፤ እዚህ 20 ዓመት ኖረን “የት ጋ ያምሻል?” የሚለውን በቋንቋዋ መጠየቅ ያልቻልን ብዙ ነን። ቋንቋው እስኪያዝልን ቢያንስ ጥበቃውን ከማዋለጃ ክፍል እናውጣው፤ በየፈረቃው አፋርኛ የምትናገር አንዲት ሴት እንድትመደብ እኛ እንጠይቅ። አለቆች የሚሰሙት የእኛን ድምፅ ነው።

እኔ የጠዋቱን ርክክብ ቆሜ መቀበል ትቻለሁ። ወንበር ስቤ ከሌሊቷ ተረኛ አጠገብ እቀመጣለሁ። መዝገቡን ሳልገልጥ በፊት እጠይቃታለሁ፦ ምን አየሽ? ምን ሰማሽ? እስክትጨርስም አላቋርጣትም።