ስንጥቁ ትንሽ፣ ጣጣው ብዙ

መገናኛ በአዲስ አበባ፣ በየካ ክፍለ ከተማ ይገኛል። ከብዙ አቅጣጫ የሚመጡ መንገዶች እዚያ ይገናኛሉ። ስሙም ይህንኑ ይናገራል። ከመገናኛ ወደ ሰሜን ስናይ የእንጦጦ ጋራ አለ። ታች መንገዱ ዳር ፎቅ ቤት ይታያል። ወደ ጋራው ስንወጣ ግን የጭቃ ቤት ዛሬም አለ።

ባለፈው በጋ እኛ ሁለት አስተማሪዎች እዚያ በአንድ የጭቃ ቤት ተቀመጥን። የቤቱ ባለቤት ተማሪያችን ናቸው። እማማ እንላቸዋለን። ፊደል ያስቆጠርናቸው እኛ ነን። ስለ ጭቃ ያስተማሩን ግን እሳቸው ናቸው።

የቤቱ ወለል አፈር ነው። በጋው ሲበረታ ተሰነጣጠቀ። ሌሊት ቁንጫ አላስተኛን አለ። የእማማ የልጅ ልጅ ገና የምትድህ ሕፃን ናት። ገላዋ በንክሻ ቀላ። ስታለቅስ ታድራለች። አንድ ጎረቤት የእህል ተባይ መግደያ መድኃኒት አመጡና «ወለሉ ላይ በትኑት» አሉ። እማማ እሺ ሊሉ ነበር። እኛ «ኧረ ይቆይ!» አልን። መድኃኒቱ መርዝ ነው። ሕፃኗ ወለሉ ላይ ትድሃለች፤ እጇንም ትጠባለች። ቁንጫውን ስናባርር ልጅቷን ብናጣስ?

ታዲያ ቁንጫው ከየት ይመጣል? ከስንጥቁ ነው። ቁንጫ እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ ከአቧራ ጋር ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። እዚያ ይፈለፈላል፤ ትንሽ ትል ይሆናል፤ ጉድፍ እየበላ ያድጋል። መጥረጊያ አይደርስበትም። ስለዚህ ከምናየው ቁንጫ ይልቅ የማናየው ይበዛል።

ሞቅ ባለ አገር ያላችሁ አንባቢዎች ሙጃሌን ታውቃላችሁ። እሷም የቁንጫ ዘመድ ናት። የሰው እግር ውስጥ ትገባለች። እንቁላሏ መሬት ላይ ወድቆ በደረቅ አቧራ ውስጥ ያድጋል። ሙጃሌ ድሮ በአፍሪካ አልነበረችም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1872 ከብራዚል በመርከብ ወደ አንጎላ ገባች። ከዚያ በመንገደኛ እግር ብዙ አገር አዳረሰች። የአፈር ወለልና ባዶ እግር ተመቿት።

ወደ እማማ ቤት እንመለስ። እኛ ተማርን ባዮች ቶሎ ተነሣን። ጥቁር አፈር በውኃ በጠበጥን። ስንጥቁ ላይ አፈሰስነው። ላዩ ልስልስ ሲል ደስ አለን። በሦስተኛው ቀን ግን ከፊተኛው የባሰ ተሰነጠቀ። እማማ ሳቁብን። «ልጆቼ፣ ይህ እኮ ጭቃ አይደለም፤ አጥሚት ነው» አሉን።

እውነታቸውን ነው። ጭቃ ሲደርቅ ውኃው ይወጣል። ውኃው ሲወጣ አፈሩ ይኮማተራል። ውኃ የበዛበት ጭቃ ብዙ ይኮማተራል። ጥቁሩ አፈር፣ ዋልካው፣ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። የእርሻችሁን መሬት አይታችሁ የለም? በፎቅ ቤት ያለው የእንጨት ወለል፣ ፓርኬት የሚሉትም፣ እንዲሁ ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ይጠብና መሐሉ ይከፈታል። አናጢው ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ ይደፍነዋል። እንጨቱን በእንጨት፣ አፈሩን በአፈር መጠገን ማለት ይህ ነው።

እማማ ያሳዩን አሠራር እንዲህ ነው፦

1. ቀይ አፈር ይነፋል። ያለን ዋልካ ብቻ ከሆነ አሸዋ ይጨመርበታል።

2. የጤፍ ጭድ ይደባለቅበታል። ጭድ ጭቃውን እንደ ክር አያይዞ ይይዘዋል።

3. በትንሽ ውኃ ይረገጣል። ለጥቂት ቀን ይቆይና እንደገና ይረገጣል። ሲብላላ ይጣበቃል።

4. ሙከራ ይደረጋል። እንደ ትንሽ ዳቦ ጋግረን ጥላ ውስጥ እናደርቀዋለን። ከተሰነጠቀ አሸዋና ጭድ እንጨምራለን። ከተፈረፈረ አፈር እንጨምራለን።

5. ስንጥቁ በቢላዋ ይፋቃል። ልቅ አፈሩ ሁሉ ተጠርጎ ከቤት ርቆ ይደፋል።

6. ስንጥቁ ውስጥ ውኃ ይረጫል። ደረቅ አፈር ላይ ከተለጠፈ አዲሱ ጭቃ ውኃውን ይነጠቅና አይያዝም።

7. ወፍራሙ ጭቃ በጣት እየተጠቀጠቀ ይገባል። ጥልቅ ከሆነ ሁለት ጊዜ ይሞላል። መጀመሪያ የገባው ጠንከር ሳይል ሁለተኛው አይጨመርም።

8. ቀስ ብሎ ይድረቅ። ፀሐይ አይምታው። በማግሥቱ ቀጭን ስንጥቅ ከታየ በእርጥብ እጅ ይታሽ።

9. በመጨረሻ ወለሉ በእበት ይለቀለቃል። እጁ የቆሰለ ሰው ግን እበት አይንካ። የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ በቁስል በኩል ሊገባ ይችላል። ሥራው ሲያልቅ እጅ በሳሙና ይታጠብ። እስኪደርቅ ድረስ ሕፃን አይዳህበት።

አንድ ነገር አይረሳ። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ከጋራው ይወርዳል። ውኃ ቤት ከገባ ወለሉ እንደገና ይሰነጠቃል። ስለዚህ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፈር። ይህንን ከእማማ ልጅ ጋር እኛ ቆፈርን። ልቅለቃ የሴት ሥራ ነው ተብሎ ወንዱ ዳር ቆሞ አይይ።

ቁንጫው በአንድ ቀን አልጠፋም። መኝታውን በየጊዜው ፀሐይ ላይ አሰጣን። ዶሮዎቹን ከመኝታ ቤት አወጣን። ወለሉን በየቀኑ ጠረግን። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሕፃኗ ሌሊቱን ሙሉ ተኛች። በማግሥቱ እማማ ደብተራቸውን አወጡና በገዛ እጃቸው «ወለል» ብለው ጻፉ። «ለ»ዋ ትንሽ ጠማማ ነበረች። እኛ ግን አላረምናትም።

ከንባብ በኋላ ተነጋገሩ፦

ቁንጫ የሚያድገው የት ነው?
የኛ ጭቃ ለምን ተሰነጠቀ?
የናንተ ቤት ወለል ዛሬ እንዴት ነው? ተነሡና እዩት።