ቀደር የገዳይ ጠበቃ አይደለም



ባለፈው ዓመት አንድ ጁሙዓ፣ ከሶላት በኋላ ለአንዲት የሰፈራችን ልጅ ሶላተል ጋኢብ ሰገድን። ቤሩት ሰባት ዓመት የሠራች ልጅ ናት። እሑድ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ዶራ የሚባለው ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር ውላ ወደ አሠሪዎቿ ቤት ስትመለስ፣ በጨለማ አውቶስትራዱን ስታቋርጥ መኪና ገጫት። ጀናዛዋ እዚያው ተቀበረ። አላህ ይዘንላት።

ለተዕዚያ ቤታቸው ስንቀመጥ ሁላችንም ለአባቷ ያልነው አንድ ነገር ነው፦ «ቀደር ነው፣ ሶብር ያድርጉ።» እኔም አልኩ። ማለታችን ትክክል ነበር። የተሳሳትነው እዚያ ላይ ማቆማችን ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል «መኪናውን የነዳው ማነው? እንዴት ገጫት?» ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አባቷ ስልካቸውን ይዘው መስጂድ መጡ። «ልጄ፣ አንተ ዐረብኛ ታነባለህ፤ እስቲ ይቺ ወረቀት ምን ትላለች?» አሉኝ። በዋትሳፕ ተልኮላቸው፣ «ለጀናዛው ጉዳይ ነው» ተብለው፣ ፈርመው የመለሱት ወረቀት ነው። አነበብኩት። ርዕሱ «ኢስቃጥ ሐቅ» ይላል፤ ሐቅን መተው ማለት ነው። ውስጡ ደግሞ አደጋው «ቀዷእ ወቀደር» ስለሆነ የሟች ወራሾች ከአሽከርካሪው ምንም እንደማይጠይቁ ይናገራል።

ወላሂ እጄ ተንቀጠቀጠ። እኛ አባትየውን ያጽናናንበት ቃል፣ እዚያ ማዶ ለገጫት ሰው ጠበቃ ሆኖ ቆሟል።

ኪታብ ቤት የተቀመጠ ደረሳ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት መሠረት አለች። ቀደር ለሙሲባ ይጠቀሳል፤ ለጥፋት ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። ልጁ የሞተችበት አባት «ቀደር ነው» ቢል ኢማኑ ነው፤ አጅር ያገኝበታል። በቀይ መብራት ጥሶ፣ ስልኩን እያየ፣ ፍሬኑ የላላ መኪና እየነዳ ሰው የገደለው ሰውዬ «ቀደር ነው» ቢል ግን በአላህ ስም ከተጠያቂነት መሸሹ ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ተናጋሪው ሲለያይ ፍርዱም ይለያያል።

አሁን ወደዚያች መንገድ ልውሰዳችሁ። እኔ ሊባኖስን አልረገጥኩም። ነገር ግን በየሰፈራችን እዚያ ኖረው የተመለሱ እህቶች አሉ፤ የሚሉትን ሰምቻለሁ፣ የተጻፈውንም አንብቤያለሁ።

ሊባኖስ 10,452 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነች ትንሽ አገር ናት። በዚያች ትንሽ አገር ያለ መኪና መንቀሳቀስ ግን ጭንቅ ነው። ባቡር ነበራቸው፤ ከቤሩት ደማስቆ የሚሄደው መስመር እ.ኤ.አ. በ1895 ነው የተከፈተው። በ1975 የጀመረው የእርስ በርስ ጦርነት ባቡሩን ገደለው። ዛሬ በሪያቅና በትሪፖሊ ጣቢያዎች ባቡሮቹ ዝገው ቆመዋል። ስለዚህ ሕዝቡ ያለው ምርጫ የራሱ መኪና፣ ሚኒባስ፣ አለዚያም «ሰርቪስ» የሚሉት ቀይ ታርጋ ያለው የጋራ ታክሲ ነው። ሰርቪሱ እግረኛ ባየ ቁጥር ክላክስ ያደርጋል፤ ተሳፋሪው በመስኮት ጎንበስ ብሎ የሚሄድበትን ይናገራል፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው መሀል መንገድ ላይ፣ ከኋላ ያለው መኪና እየጮኸ ነው።

ከዚያ የ2019 የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ። በፊት 1,500 ሊራ ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በ2023 ወደ 90,000 ሊራ ደረሰ። ደሞዝ በሊራ ነበር፤ ጎማ፣ ፍሬንና ዘይት ግን በዶላር ነበር። በ2021 ክረምት ሰው ነዳጅ ለመቅዳት ሌሊቱን ማደያ በር ላይ መኪናው ውስጥ ያድር ነበር። መንግሥት መብራት ማቅረብ ሲያቅተው የመንገድ መብራቱም የትራፊክ መብራቱም ጠፋ። የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኖች ለብረታቸው ተሰርቀው ተሸጡ፤ መንገድ ላይ ክፍት ጉድጓድ ቀረ። የፖሊስ ደሞዝ ከመቶ ዶላር በታች ወረደ። ነዳጅ ሲወደድ ብዙው ወደ ሞተር ሳይክል ዞረ፤ እኛ ባጃጅ የምንለው «ቱክቱክ»ም በየመንገዱ በዛ። ሞተሩ ያለ ሄልሜት፣ በተቃራኒ መስመር፣ ሦስት ሰው ጭኖ ይሄዳል። በየዓመቱ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል የፍሳሽ መውረጃው ስለሚደፈን አውቶስትራዱ ወንዝ ይሆናል። ወደ ቢቃዕ የሚወስደው የዳህር ኤል ባይዳር መንገድ ደግሞ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ በብርድ ወራት በረዶና ጭጋግ ይሸፍነዋል፤ ከባድ መኪኖች በዚያው ይተላለፋሉ።

ይህን የማወራው ሕዝቡን ለመስደብ አይደለም። መከራቸው መከራ ነው፤ እንደኛው የተቸገሩ ሰዎች ናቸው። የምከራከረው ከሦስት ምክንያቶች ጋር ነው።

አንደኛው «አገሩ መንግሥት የለውም» የሚለው ነው። ቤሩት ውስጥ ከሾፌር እስከ ዶክተር ሁሉም የሚለው ይህንን ነው ይላሉ ኖረው የመጡት። መንግሥት የሌለበት መንገድ ላይ ፍጥነት መቀነስ ያንተ ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ መንግሥት ስለሌለ ትፈጥናለህ? መብራቱ ከጠፋ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀስ ማለት ይገባሃል እንጂ መጣስ አይፈቀድልህም። ተቅዋ ማለት ፖሊስ በሌለበት መቆም ነው። ፖሊስ ባለበትማ ካፊሩም ይቆማል።

አዎ፣ ሹሞቹ ተጠያቂ ናቸው። ዑመር (ረ.ዐ) በሩቅ አገር መንገድ ላይ እንስሳ ቢደናቀፍ እንኳ «ለምን መንገዱን አላስተካከልክም?» ተብዬ እጠየቃለሁ ብለው ይፈሩ እንደነበር ታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ለእንስሳ እንዲህ ከተፈራ፣ ሰው ለሚወድቅበት ክፍት ጉድጓድ የዛሬው ሹም ምን ይመልስ ይሆን? የሹሙ ጥፋት ግን ያንተን አይሰርዝም። በአኼራ ሁለታችሁም በየፊናችሁ ትጠየቃላችሁ።

ሁለተኛው «ዋስጣ አለኝ» የሚለው ነው። ዋስጣ ዘመድ፣ ባለሥልጣን፣ የፓርቲ ሰው ማለት ነው። ሊባኖስ ሕግ አጥታ አይደለም። በ2012 አዲስ የትራፊክ ሕግ አወጣች፤ በ2015 ሥራ ላይ መዋል ጀመረ። ቀበቶ አለበት፣ ስልክ መከልከል አለበት፣ ከመንጃ ፈቃድ ነጥብ መቀነስም አለበት። ነገር ግን ቅጣቱን በአንድ ስልክ የሚያሰርዝ ሰው ካለ ሕጉ የሚሠራው ስልክ የሚደውልለት በሌለው ድሃ ላይ ብቻ ነው። እዚያ አገር ቁጥሩ ያነሰ ታርጋ በሺዎች ዶላር ይሸጣል። ለምን? ያየው ሁሉ «ይህ ትልቅ ሰው ነው» ብሎ መንገድ እንዲለቅለት ነው። ቁርኣን ምድር ላይ በኩራት መራመድን ከከለከለ፣ በሁለት ቶን ብረት ውስጥ ተቀምጦ መኩራት ምን ይባላል?

ሦስተኛውና የከፋው «ቀደር ነው» የሚለው ነው። የከፋ ያልኩት ሁለቱ በሰው ላይ ሲያሳብቡ ይሄኛው በአላህ ላይ ስለሚያሳብብ ነው።

ወንድሜ፣ በዚሁ በሻም ምድር ጉዳይ ቀደርን ከኛ በላይ የሚያውቁት ሰዎች ምን እንዳደረጉ ተመልከት። ዛሬ ሊባኖስ የምንላት አገር ያኔ የሻም አካል ነበረች። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የሚባል ቦታ ላይ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙና ሰዎቻቸውን ይዘው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር ትሸሻለህ ወይ ብለው ጠየቋቸው። ዑመር ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱ። ይህ ቡኻሪ የዘገቡት ነው። እንግዲህ ፍሬን መያዝም ቀደር ነው። ቀበቶ ማሰርም ቀደር ነው። አንተ ግን ከሁለቱ ቀደሮች ፈጥነህ የምትገድልበትን መርጠህ፣ መምረጥህን ትክዳለህ።

ሌላም ልጠይቅህ። በስህተት ሰው የገደለ ሰው ላይ ሸሪዓ ምን ፈረደ? በሱረቱ አን-ኒሳእ እንደተደነገገው፣ ለሟች ቤተሰብ የሚሰጥ ዲያ አለበት፤ ከፋራም አለበት፤ ነፃ የሚያወጣው ባሪያ ያላገኘ ሁለት ወር በተከታታይ ይጾማል። ልብ በል፤ ሆን ብሎ ለገደለ ሳይሆን ለተሳሳተ ነው። «ቀደር ነው» ማለት የሚያድን ቢሆን ኖሮ አላህ ዲያን ለምን ደነገገ? ስድሳ ቀን ጾም ለምን አዘዘ? ሁሉም ነገር በቀደር መሆኑን የሚያውቀው ጌታ እያወቀ ነው ያዘዘው።

የዘመናችን ዑለሞችም ዝም አላሉም። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1993 ብሩናይ ላይ ባደረገው 8ኛ ጉባኤው፣ ከሸሪዓ ጋር የማይጋጭን የትራፊክ ሕግ ማክበር ሸሪዓዊ ግዴታ መሆኑን፣ አሽከርካሪውም በሰው አካልና ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ወስኗል። ስለዚህ «ቀይ መብራት የነጮች ሕግ ነው» የሚል ልጅ ካጋጠመህ፣ ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳት የኢማን ቅርንጫፍ መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንዳስተማሩ አስታውሰው። እሾህ ማንሳት ኢማን ከሆነ፣ ራስን በሰው መንገድ ላይ እሾህ ማድረግ ምንድነው?

ሊባኖሶች ራሳቸው ይህን ትግል ይዘዋል። «ኩን ሀዲ» የሚባል ማኅበር አላቸው። በ2006 በመኪና አደጋ ልጃቸውን ያጡ ቤተሰቦች የመሠረቱት ነው። ስሙ የልጁ ስም ያለበት ሲሆን «እርጋ» ማለትም ነው። እነዚያ ወላጆች ልጃቸውን ቀብረው «ቀደር ነው» ብለው ቤታቸውን መዝጋት ይችሉ ነበር። የሌላውን ልጅ ለማትረፍ ተነሡ። ሶብር እንዲህም ይሆናል። በየሰፈሩም ከኪሳቸው አዋጥተው የመንገድ ጉድጓድ የሚደፍኑ ሰዎች አሉ።

«ታዲያ የቤሩት መንገድ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። እህቶቻችን የሚሻገሩት መንገድ ስለሆነ ያገባናል። በ2020 ያ ቀውስ ሲበረታ፣ አሠሪዎች የኢትዮጵያ ሴቶችን በመኪናቸው አምጥተው ከነሻንጣቸው ቤሩት ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም አይቷል። በመኪናው ውስጥ ያለው ሰው ከውጭ ያለውን እንደ ሰው ካላየው፣ በሩ ላይ መጣልም መንገድ ላይ መግጨትም ይቀለዋል። ሁለቱም አማናን መብላት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልንገራችሁና ላብቃ።

እዚያ ላላችሁ እህቶች፦ አውቶስትራድ በእግር አትሻገሩ፤ ድልድዩ ሩቅ ቢሆንም በድልድዩ ሂዱ። ከመሸ ነጣ ያለ ልብስ ልበሱ። ከኋላ ወንበርም ብትቀመጡ ቀበቶ እሰሩ። «እንደው በነጋታው ማዳም ትቆጣለች» ብላችሁ በጨለማ አትሩጡ። የማዳም ቁጣ ያልፋል።

እዚህ ላላችሁ ቤተሰቦች፦ በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ። በየመስጂዱ የሚያነብላችሁ ደረሳ አለ፤ በነፃ ያነባል። በሊባኖስ ሕግ እያንዳንዱ መኪና በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ የመግባት ግዴታ አለበት። የፖሊስ ሪፖርት ጠይቁ፤ የመኪናውን ታርጋና የኢንሹራንሱን ስም ጠይቁ። ይቅር ማለት ትልቅ ዒባዳ ነው፤ ቁርኣንም ዲያን ይቅር ማለትን ሶደቃ ብሎታል። ነገር ግን ሶደቃ የሚሰጠው ያለህን አውቀህ ነው። ሳታውቅ የተወሰደብህ ሶደቃ አይባልም።

ለራሴና ለመሰል ኡስታዞች፦ ተዕዚያ ላይ «ቀደር ነው» ካልን በኋላ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር እንጨምር፤ «የልጅቱ ሐቅስ ማን ጋ ነው?» እንበል። እኔ ያን ቀን አላልኩም። አባትየው ወረቀቱን ሳነብላቸው አንድ ቃል አልተናገሩም። ስልካቸውን ተቀበሉኝ፣ ኪሳቸው ከተቱ፣ ዑዱእ ሊያደርጉ ሄዱ። ያን ቀን ዐስርን ከኋላቸው ቆሜ ስሰግድ ሙሉ ሶላቱን ያሰብኩት ሦስት ሳምንት ቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ የሚለውን ነው።

አላህ ለእህታችን ይዘንላት፤ ለወላጆቿ ሶብር ይስጥ፤ በመንገድ ላይ ያሉትን ሁሉ በሰላም ያድርስ፤ የሰው ሐቅ ተሸክመን ከፊቱ ከመቆም ይጠብቀን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።